የጎረቤቴን ዋይፋይ የዘጋሁ ዕለት

ራውተር የገዛሁት ልጆቼን ለመቆጣጠር ነው። ሌላ ምክንያት ነበረኝ ብል ውሸት ይሆናል። ትልቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ ሁለቱ ወንዶች ከእሷ ያንሳሉ። በዚያን ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያማርረው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ላይ መዋሉ። እኔ ማማረር አልወድም። አንድ ነገር ካስቸገረህ ወይ ታስተካክለዋለህ ወይ ዝም ትላለህ። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ከልጆቼ ኪስ አውጥቼ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው፣ መክፈቻና መዝጊያውንም በእጄ ላደርገው ወሰንኩ።

በትምህርት የገፋሁ ሰው አይደለሁም። አንጋጫ ተወልጄ ስድስተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ ሞተ፤ ትምህርቴም እዚያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከሱቄ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጬ ነው። የምሸጠው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለምና የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። እንግሊዝኛውን የለቀምኩት ከዕቃ ካርቶን ላይና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ይህን የምለው ለመኩራት አይደለም፤ ትንሽ ለመኩራትም ነው።

ቤቴ የስልክ መስመር ነበረኝ። ከመስመሩ ጋር ያገኘኋት ትንሽ መሣሪያ ግን ለሁሉም እኩል የምትከፍት፣ ሰዓት የማታውቅ ነበረች። እኔ የፈለግሁት በሰዓቱ የሚዘጋ፣ የማይረባውን ገጽ የሚከለክል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እያንዳንዱን ስልክ ለይቶ የሚያውቅ ራውተር ነው። መናኸሪያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ አንድ ወጣት ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን ይውሰዱ። ባለ ሦስት አንቴና ነው፤ ግድግዳ አይገታውም» አለኝ።

«ግድግዳ እንዲገታው ነው የምፈልገው።»

ሳቀ። «እንደዚህ የሚል ደንበኛ ገና ዛሬ አየሁ።»

«መመሪያ አለው?»

«መመሪያ ማን ያነባል ጋሼ? መሰካት ነው እንጂ።»

«እኔ አነባለሁ።»

ካርቶኖቹን አስከፍቼ መመሪያዎቹን አንድ በአንድ እዚያው ቆሜ አነበብኩ። ቆይቶ «ፈተና አለብዎት እንዴ?» አለኝ፤ ሌሎቹ ደንበኞች ሳቁ። አልተናደድኩም። የመረጥኩት አንድ አንቴና ያላት፣ ያገለገለች፣ ቀለሟ የለቀቀ ዕቃ ነው። መመሪያዋ ላይ ስልክን ለይቶ ስለመክፈትና ስለመዝጋት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበረበት። ልጁ ሲጠቀልልልኝ ፊቱ ቀልዱን ትቶ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርዎት። የውስጥ ሶፍትዌሯ የቆየ ነው፤ ፈርምዌር ይሉታል። ሲሞቃት ትደነዝዛለች። አዲሱን አውርደው መጫን ይችላሉ፤ ግን እየተጫነ መብራት ከሄደ ዕቃዋ ሞተች ማለት ነው። ያኔ እኔ የለሁበትም።»

ቅዳሜ ከሰዓት አሮጌ ኮምፒውተሬን ከሱቅ አስመጥቼ በገመድ አገናኘኋት። መመሪያው ያለውን ቁጥር ስጽፍ የራውተሩ ገጽ ተከፈተ። መጀመሪያ ያደረግሁት ከፋብሪካ የመጣችበትን የይለፍ ቃል መለወጥ ነው፤ ያን የዓለም ሌባ ሁሉ ያውቀዋል። ቀጥዬ ለኔትወርኩ ስም አወጣሁ። የሰፈራችን ልጆች ለዋይፋያቸው የእግር ኳስ ቡድን ወይም የዘፋኝ ስም ነው የሚያወጡት። እኔ በላቲን ፊደል «ሥራ ይቅደም» ብዬ ጻፍኩ።

ልጄ ስታየው ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አባዬ፣ ጓደኞቼ ይህን ሲያዩ ምን ይላሉ?»

«ሥራ ይቅደም ይላሉ።»

ሰዓቱን ከራት በፊት እንዲዘጋ አደረግሁት። የልጆቼን ስልኮች ለየብቻ ስም ሰጠኋቸው፤ ማን ምን ያህል እንደቆየ አያለሁ፤ ያጠፋውን እዘጋለሁ። ሚስቴ «የወህኒ አዛዥ ሆንክ» አለችኝ። ልጆቼ ግን በዚያ ዓመት ከወትሮው የተሻለ አነበቡ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም።

ወጣቱ እንዳለው ዕቃዋ ስትሞቅ ትደነዝዝ ነበር። አዲሱን ፈርምዌር ፈልጌ አወረድኩና ኮምፒውተሬ ላይ አስቀመጥኩት፤ አልጫንኩትም። የመመሪያውን ማስጠንቀቂያ በመዝገበ ቃላት እያየሁ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሆሳዕና መብራት ደግሞ ደመና ሲያይ የሚደነግጥ ነው። በጋ እስኪገባ ልጠብቅ፣ ባይሆን ባትሪ ያለው መጠባበቂያ ልግዛ አልኩና ተውኩት።

ከዚያ አገሩ ተረበሸ። በየከተማው ግርግር ሆነ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። ኢንተርኔት የቀረው በስልክ መስመር የሚያገኝ ሰው ቤት ብቻ ነበር። በሰፈራችን ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

ከአጥሬ ማዶ አንዲት ባሏ የሞተባት የሃዲያ ሴት ትኖራለች። ባሏ ከቦኖሻ በቆሎና በርበሬ እየጫነ የሚነግድ ሰው ነበር። ዕድሜዋ ከታላቅ እህቴ ጋር ስለሚቀራረብ እትዬ ነው የምላት። እነሱ ሙስሊም ናቸው፤ እኛ ወንጌል አማኞች ነን፤ አጥሩ ግን አንድ ነው፤ እድራችንም አንድ ነው። ሴት ልጇ ዱራሜ ተድራለች። ትንሹ ወንድ ልጇ አብሯት ይኖራል። ትልቁ ደቡብ አፍሪካ ነው።

አገራችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሃዲያና ከከምባታ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ ያልሄደ ልጅ የሌለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ያ ልጅ ሊሄድ ሲል ለእናቱ መሬት ተሸጦ መንገድ አይገዛም ብያት ነበር። አልሰማችኝም። ልጁ ሄደ፤ በረሃውን ተሻገረ፤ ከዓመታት በኋላ በላከላት ገንዘብ ቤቷን አዲስ ቆርቆሮ አለበሰች። ቆርቆሮውን የሸጥኩላት እኔ ነኝ። በዚህች ከተማ ከተሸጠው ቆርቆሮዬ ስንቱ በዚያ መንገድ እንደተገዛ አውቃለሁ። መንገዱን እነቅፋለሁ፤ እንጀራዬን ደግሞ ከእሱ እበላለሁ። ልጆቼን ስመክር ይህን አልደብቃቸውም።

የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ በኋላ አንድ ቀን እትዬ መጣች።

«ወንድሜ፣ የልጄን ፊት ካየሁ ቆየሁ። በስልክ ይደውላል፤ ግን ድምፅ ይዋሻል። ሰው ደህና ነኝ ሲልህ ፊቱን ማየት አለብህ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ሕግ ሳላወጣ መፍቀድ ደግሞ አላውቅበትም። እሁድ እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ በእኔ በረንዳ ላይ፣ ለትንሹ ልጅዎ ስልኩን ሳይሰጡ አልኳት።

«እሺ ጌታው» አለች። «ፓስፖርቴንም ላምጣ?»

ስልኳን ተቀብዬ በራውተሩ ገጽ ላይ «እትዬ» ብዬ መዘገብኳት።

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ በረንዳዬ ላይ የልጇ ድምፅ ይሰማ ነበር። የሚሠራው ከከተማ ዳር ባለች ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው። ሁልጊዜ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ተቀምጦ ነው የምናየው፤ ስኳርና ሳሙና በፍርግርጉ ቀዳዳ ነው የሚያቀብለው። እናቱን በሃዲይኛ ያወራትና እኔን ሲያይ ወደ አማርኛ ይዞራል።

«ጋሼ! ሥራ ይቅደም እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። አንተ ሱቅህን በጊዜ ዝጋ።»

«እዚህ አገር በጊዜ የዘጋ አይበላም።»

«በጊዜ የዘጋ ያድራል።»

«ጋሼ ዘንድሮም ስብከት አልተወም» ብሎ ይስቃል። እናቱም ትስቅና «አባትህ ቢኖር እንዲሁ ነበር የሚልህ» ትለዋለች።

አንድ እሁድ ጠዋት ከአምልኮ ስመለስ የእድራችን ዳኛና የእትዬ ባል ወንድም በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የባሏ ወንድም ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፍኖ ነበር። ወደ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ዳኛው በሩን ራሱ ዘጋ።

«ልጁ ሞተ» አለኝ። «ትናንት ማታ ሱቁ ውስጥ በጥይት መቱት። አብረውት ያሉት ልጆች ደውለው ነው። ዛሬ እዚያው ይቀብሩታል።»

የባሏ ወንድም በሩ አጠገብ ቆሟል። ወንበር ሳቅሁለት፤ አልተቀመጠም።

የእኛ አገር ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም። የሞተበት ሰው የመጨረሻ ራቱን ይብላ፣ የመጨረሻ እንቅልፉንም ይተኛ ይባላል። ዘመድ በሌላ ምክንያት ይጠራል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ከግራና ከቀኝ የሚይዝ ሰው ይዘጋጃል፤ ውሃም ይያዛል። ሞኝነት አይደለም። አንጋጫ ገበያ መሀል መርዶ በስልክ የሰማች ሴት አይቻለሁ። የምትሸጠውን ቅቤ ጥላ ወደ መንገዱ ሮጠች፤ የሚይዛት ዘመድ አልነበረም፤ እንግዳ ሰው ነው ከመኪና ፊት የጎተታት።

«ልጅቷን ከዱራሜ እናትሽ ትንሽ አሟታል ብለን ጠርተናታል» አለ ዳኛው። «የእናቲቱ ወንድሞችም ከቦኖሻ እየመጡ ነው። ነገ ከፈጅር ሶላት በኋላ እንነግራታለን። ትንሹን ልጇን አጎቱ ቤት አቆይተነዋል፤ ደዋዮቹን ሁሉ አስጠንቅቀናል። የቀረው የአንተ ነው።»

«የእኔ ምን?»

«ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ከሻማ ጋር ለጥፈውታል። ዛሬ ደግሞ እሁድ ነው፤ ትመጣለች። የእሷን መዝጋት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«የሁሉንም ሳትዘጋ? እኛም ስለ ቀብሩ የምንሰማው ባንተው ኢንተርኔት ነው።»

«የእሷን ብቻ።»

ዳኛው ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ዕቃ እንዲህ ነው የሚመረጠው» አለ። ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሐዘን ፊቴ ቆሞ፣ ደስ የሚል ስሜት ሽው አለብኝ። ከሱቁ ዕቃ ሁሉ ትክክለኛውን መርጬ ነበር። ሰው ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆነ ያን ቀን ከራሴ ተማርኩ።

«ከጠየቀችህ ኔትወርክ የለም በላት» አለ የባሏ ወንድም፤ መጀመሪያ የተናገረው ያን ነው።

«እኔ አልዋሽም።»

«ታዲያ ንገራታ!» ብሎ ጮኸብኝ። ዳኛው ክንዱን ይዞ አወጣው።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ «እትዬ» ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ምልክት ወደ ዝግ አዞርኩት። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው፤ ሚስማር እንኳ ለመምታት ከዚያ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ለሚስቴ ነገርኳት። «ራት እኛ ዘንድ ትበላለች» አለች። ሥጋችን የየብቻችን ስለሆነ ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ልታዘጋጅ ጀመረች። ለልጆቹ አልነገርንም፤ ልጅ ፊቱ ያጋልጠዋል።

በሰዓቷ መጣች። ኩል ተኩላ፣ ልጇ በሰው የላከላትን አረንጓዴ ሻሽ አስራ፣ እጇን ሂና ተቀብታ ነበር። ልጇ አንቺ ስታምሪ ሀሳብ ይቀለኛል ብሏት ስለነበር እሁድን እንደ ዒድ ነበር የምታከብረው። በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ስልኳን ነካካች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሥራ ይቅደምህ ዛሬ ሰንበት ያዘ እንዴ? እምቢ አለኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። አገላብጬ አየሁት፤ እንደማላውቀው ዕቃ።

በዚህ መሀል ልጄ ከቤት ወጣች። «እትዬ፣ የእኔ ይሠራል። በእኔ ይደውሉለት። ፌስቡክ ላይ አለ አይደል?» ስልኳን እየነካካች ቀረበች።

«ተዪ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁለቱም ደነገጡ። እትዬ ዓይኗን ከእኔ ወደ ልጄ አዞረች። «ምነው? ልጅቱ ምን አደረገች?»

አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። «መሣሪያውን ላድሰው ነው» አልኩ። «አዲስ ሶፍትዌር ልጭንበት ነው። የሁሉም ይቋረጣል። የማንም አይሠራም።»

ይህን ስል ውሸት ነበር። ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ወደ ውስጥ ገባሁና እውነት ላደርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ለወራት ያስቀመጥኩትን ፈርምዌር ፈልጌ አወጣሁ። በመስኮቱ በኩል ሰማዩ በአንድ ወገን ጠቁሮ ነበር፤ ሩቅ ያጉረመርማል። ልጄ ተከትላኝ ገብታ ኋላዬ ቆመች።

«አባዬ፣ ሰማዩን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መብራት ይሄዳል እኮ። ራስህ ነህ በበጋ ነው የምንጭነው ያልከው።»

«ዝም በይ።»

«ምን ሆነሃል ዛሬ?»

ጀምር የሚለውን ተጫንኩ። ገጹ ላይ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። ከሥሩ መብራቱን አታጥፋ የሚል በቀይ ተጽፏል። መስመሩ ከግማሽ አለፈ። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ቆርቆሮውን መታ፤ ከዚያ ነፋሱ መጣ፤ ከዚያ መብራቱ ሄደ። ኮምፒውተሩ ጠቆረ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው ራውተርም አብራ ጠቆረች።

ከመምሸቱ በፊት መብራት ተመለሰ። ራውተሩ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ገጹ አይከፈትም። መመሪያው እንደሚለው በመርፌ የኋላዋን ቀዳዳ ተጭኜ ያዝኩ፤ ነቅዬ ሰካሁ፤ ምንም የለም። እትዬ ዝናቡን ሸሽታ ገብታ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

«ሞተ?» አለችኝ።

ወደ እሷ መዞር አቃተኝ። «ሞተ» አልኩ።

ተነሥታ መጣችና እጇን ጀርባዬ ላይ አኖረች። «አይዞህ ወንድሜ። ይህን ያህል ፊትህ እስኪጠቁር? ዕቃ ነው። በዕቃ ይለፍልህ፤ አላህ ልጆችህን ይጠብቅልህ።»

ሚስቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ውሃ ስትቀዳ ሰማኋት፤ ለረጅም ጊዜ ቀዳች።

ራት ቀረበ። ሚስቴ ብዪ፣ ብዪ እያለች አጎረሰቻት፤ እኔም አጎረስኳት። እትዬ ሳቀች። «ምነው ዛሬ ሙሽራ አደረጋችሁኝ? እንደዚህ የምትጋብዙኝ ከሆነ ዕቃችሁ ሁልጊዜ ይበላሽ!» ልጆቼም ሳቁ። በልታ ስትጨርስ «በተራ ስልክ ልሞክረው ይሆን?» አለች።

ሚስቴ ከእኔ ቀድማ መለሰች። «ነገ ይሁን። ዛሬ ደክሞሻል።»

«እውነትሽን ነው። እሱም ሱቅ ይዟል» አለችና ሻሿን አስተካክላ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ቤቷ ገባች።

ጎህ ሲቀድ ሄድን። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ሴት ልጇና ወንድሞቿ ሌሊቱን ደርሰው በባሏ ወንድም ቤት አድረው ነበር። እትዬ ሶላቷን ጨርሳ ግቢ ስትጠርግ አገኘናት። ያን ሁሉ ሰው ስታይ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ዳኛው የሚለውን ማለት ጀመረ፤ የሰጠ ወሰደ፤ አላህ ጽናቱን ይስጥሽ። እሷ ግን እሱን አላየችም። ዓይኗ ከሰዎቹ ፊት ወደ ፊት ሲሄድ ቆይቶ እኔ ላይ ቆመ። ከዚያ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት። የጮኸችውን አልጽፈውም።

ለቅሶው በሥርዓቱ ሆነ። ሬሳ አልነበረም። ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ከአንጋጫ፣ ከዱራሜ፣ ከቦኖሻ መጣ። ዳኛው ለሰው ሁሉ አይ፣ ደህና ነው የተረዳችው፤ ሰው ይዟት፣ በልታ፣ ተኝታ ይል ነበር። እውነቱን ነው። እንደዚያ ነው የሆነው።

ድንኳኑ ከተነሣ፣ ሰውም ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት እትዬ ሱቄ መጣች። ከባንኮኒው ወዲያ ቆመች። ዱቄት የመሰለ ፊት ነበራት፤ ሻሿ ጥቁር ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ አትዋሽም ይሉሃል። ያን ዕለት ዕቃው የእውነት ተበላሽቶ ነበር?»

አዎ ማለት እችል ነበር፤ ሐሰት አይሆንም። ዕቃው የእውነት ሞቶ ነበር። ያን ፈርምዌር የጫንኩት እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አዎ ለማለት ይሆን? አሁንም አላውቅም።

«ተበላሽቶ ነበር» አልኳት። «ግን ከመበላሸቱ በፊት ዘግቼብዎት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ።»

«ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ኩል ተኩዬ ስመጣ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ልጄን አፈር ሲያለብሱት እኔ ቤትህ ቆጮ እየጎረስኩ እስቅ ነበር። አንተ ነህ ያጎረስከኝ።»

ሽማግሌዎቹን ጠቀስኩላት። ብቻዎን እንዳይሰሙት፣ የሚይዝዎት ሰው እንዲኖር ነው አልኳት። አንጋጫ ገበያ ያየኋትን ሴት ልነግራት ጀመርኩ።

«ብቻዬን አምጬ ነው የወለድኩት» አለችኝ። «ማን ያዘኝ?»

ብዙ ነገር አንብቤ መልስ ያገኘሁ ሰው ነኝ።  ሥርዓቱ ከእኔም ከእሷም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እሷም ልክ ነበረች። ግን ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚቆሙ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም።

ለመሄድ ዞር ብላ ተመለሰች። «ትንሹ ሊሄድ ነው» አለችኝ።

«ይከልክሉት እንጂ!»

«ከለከልኩት። ይሄዳል። በወንድሙ ሱቅ ሊቀመጥ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ ቃል ስጠኝ። እዚህ ሰፈር ነገር መጀመሪያ የሚደርሰው አንተ ጆሮ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እንደገና ወደ አንተ ነው የሚመጡት። ያን ቀን መስመሬን አትዝጋብኝ። ሰው ይኑር አይኑር፣ ይንጋ አይንጋ፣ ራት ልብላ አልብላ፣ በአጥሩ ገብተህ ንገረኝ። ልጄ ሞቶ እንድስቅ ዳግም አታድርገኝ።»

 የሚገዛ ሰው ገብቶ ሚስማር ጠየቀኝ፤ ቆይ አልኩት።

«ቃል» አልኳት።

ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

አዲስ ራውተር ገዛሁ። ይህንንም መመሪያውን አንብቤ ነው የመረጥኩት፤ ፈርምዌሩንም ግድግዳ ላይ ከመስቀሌ በፊት መጠባበቂያ ባትሪ ላይ ሰክቼ አደስኩት። የልጆቼን ሰዓት እንደበፊቱ አድርጌዋለሁ፤ በዚያ በኩል ሀሳቤን የሚያስለውጥ ነገር አላየሁም። የእትዬን ስልክ ግን ሰዓት ሳልወስን ከፈትኩት። ትንሹ ልጇ በሞያሌ በኩል ሄደ። ማላዊ ታስሮ ወራት ቆየ፤ ከዚያ ደረሰ። አሁን እሁድ እሁድ ከዚያው ፍርግርግ ኋላ ሆኖ ያናግራታል። ኩል አትኳልም። እኔ አጠገቧ አልቀመጥም፤ እሁድ ግን ከቤት አልወጣም። ጠዋት በሬ ሲንኳኳ ከመክፈቴ በፊት ትንሽ እቆማለሁ።

የእድሩ ዳኛ ባለፈው ለሌላ ጉዳይ ቤቴ መጥቶ ግድግዳው ላይ ያለውን አዲሱን ዕቃ አየ።

«ይሄም እንደ ድሮው ነው?» አለኝ። «ለአንድ ሰው ብቻ ለይቶ መዝጋት ይችላል?»

«ይችላል» አልኩት።

«ጥሩ ነው» አለና ሻዩን ጠጣ። ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም፤ እኔም ለእትዬ የሰጠሁትን ቃል አልነገርኩትም።